አማርኛ፣ ሲዳሙ አፎና አፋን ኦሮሞን አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ፦ ከሐዋሳው ሜኑ የተማርኩት

እዚህ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ያላቸው ሴትዮ አሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ ሜኑው ስልክ ላይ በኪውአር ኮድ እንዲከፈት አድርግልኝ አሉኝና እሺ አልኳቸው። የፈለጉት ግልጽ ነበር፣ ከአለታ ወንዶ የመጣው በሲዳሙ አፎ (በሲዳምኛ) ያንብብ፣ ከሻሸመኔ የመጣው በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ፣ ፈረንጁ በእንግሊዝኛ። የእህታቸው ልጅ ሦስት ማታ ቁጭ ብላ የምግቡን ስም ከነማብራሪያው በአራቱም ቋንቋ ተየበች፣ የምትተይብበት ገጽ ግን ዝርዝሩ ላይ የሚያሳያት የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ ስለነበረ ምንም አላወቀችም፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ስንከፍተው አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተደርድሯል። ዓሣ ጉላሽ የለ፣ ዓሣ ዱለት የለ፣ የጥያቄ ምልክት ብቻ። ማስተካከያ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፣ ምክንያቱም ችግሩ የማሳያ አልነበረም፣ ፊደሉ ዲስክ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ልጅቷ እንደገና ሦስት ማታ ተቀመጠች። የሷ ድካም እስከዛሬ ይቆረቁረኛል፣ እና ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው ይሄን ደረጃ በደረጃ የምጽፈው።

ሰው የሚበዛው ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ስለሆነ በሱ ነው የማስረዳው፣ ስለሌሎቹም መሀል ላይ ትንሽ እላለሁ። ትእዛዞቹን በአማርኛ አነባበባቸው ነው የጻፍኳቸው፣ የቴብሎቹንም (የሰንጠረዦቹን) ስም በአማርኛ ነው የምጠራው፣ ኮዱ ውስጥ እናንተ በለመዳችሁት መንገድ ትጽፉታላችሁ።

1. ዳታቤዙ በምን ኢንኮዲንግ እንደተከፈተ እዩ

ኮምፒውተሩ ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጣል፣ የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ስሪት ነው የገባው። ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ያንን ቁጥር በባይት የመጻፊያ መንገድ፣ ማለትም ኢንኮዲንግ ነው፣ ተራ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይወስዳል፣ የኛ ፊደል ሦስት ባይት፣ ኢሞጂ አራት ባይት።

እዚህ ጋ ነው ወጥመዱ። ማይኤስኪውኤል ድሮ "ዩቲኤፍ8" ብሎ የሰየመው ነገር እስከ ሦስት ባይት ድረስ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ2010 ከ5.5.3 ስሪት ጀምሮ የመጣው "ዩቲኤፍ8ኤምቢ4" የሚባለው ነው። ብዙ ልጆች "አማርኛ ሦስት ባይት ነው፣ አሮጌው ይበቃኛል" ይላሉ፣ ግን አይበቃም። አንደኛ ደንበኛው አስተያየት ሲጽፍ ኢሞጂ ያስገባል። ሁለተኛውና ለኛ ሀገር ዋናው ነገር፣ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ዩኒኮድ 14 ሲጨመሩ ቦታ ያገኙት በሦስት ባይት ከሚጻፈው የቁጥር ክልል ውጪ ነው፣ ስለዚህ አራት ባይት ናቸው። ነገ ከቡታጅራ ወይም ከወልቂጤ የመጣ እንግዳ በራሱ ቋንቋ ልጻፍ ካለ አሮጌው "ዩቲኤፍ8" አይቀበለውም። የሰው ፊደል የማይገባበት ዳታቤዝ ደግሞ ከጅምሩ ባይሠራ ይሻላል።

ለማየት ቀላል ነው፣ "ሾው ክሬት ቴብል" ብላችሁ የቴብሉን ስም ስጡት፣ መጨረሻው መስመር ላይ ካራክተር ሴቱን (ማይኤስኪውኤል ኢንኮዲንጉን የሚጠራበት ስም ነው) ይነግራችኋል። እያንዳንዱን ኮለምም (የቴብሉን ዓምድ) እዩ፣ ምክንያቱም ኢንኮዲንግ አራት ቦታ ነው የሚቀመጠው፣ ሰርቨሩ ላይ፣ ዳታቤዙ ላይ፣ ቴብሉ ላይ፣ ኮለሙ ላይ፣ የመጨረሻው ቃል ደግሞ የኮለሙ ነው። ዳታቤዙን ብቻ ብትቀይሩ አዲስ የሚፈጠር ቴብል ይስተካከል ይሆናል እንጂ የነበረው እንደነበረው ይቀራል። የኔም ጥፋት ይሄ ነበር፣ ሆስቲንጉ ላይ የነበረው ሰርቨር አሮጌ ስለነበር ነባሪ ምርጫው ላቲን1 (የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ብቻ የሚይዝ አሮጌ ኢንኮዲንግ) ነው፣ እኔ ዳታቤዙን ቀየርኩና በቃ ጨረስኩ ብዬ ሄድኩ፣ ቴብሎቹ ግን ቀድመው ተፈጥረው ነበር። ከ8.0 ስሪት ጀምሮ ነባሪው ራሱ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሆኗል፣ ቢሆንም አይታችሁ አረጋግጡ እንጂ አትመኑ።

ባዶ ቴብል ወይም ጤነኛ ጽሑፍ ያለበት ቴብል ከሆነ "አልተር ቴብል" ካላችሁ በኋላ "ኮንቨርት ቱ ካራክተር ሴት ዩቲኤፍ8ኤምቢ4" ትሉታላችሁ፣ ኮለሞቹን በሙሉ ይቀይራል። ቀድሞ የተበላሸ ጽሑፍ ካለበት ግን እንዳትነኩት፣ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። አሮጌ ሰርቨር ላይ 255 ፊደል የሚይዝ ኮለም ላይ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) ካለ "ኪው በጣም ረዘመ" ብሎ እምቢ ሊላችሁ ይችላል፣ የኢንዴክሱ ጣሪያ 767 ባይት ስለሆነና አንድ ፊደል አራት ባይት ተብሎ ስለሚቆጠር ነው፣ ኮለሙን ወደ 191 ዝቅ ስታደርጉት ያልፋል። አዲሶቹ ላይ ጣሪያው 3072 ባይት ስለሆነ ችግሩ እምብዛም አይገጥማችሁም።

ስለ ኮሌሽን ባጭሩ፣ ኮሌሽን ማለት ፊደል ከፊደል የሚወዳደርበትና የሚደረደርበት ሕግ ነው። 8.0 ላይ ስሙ ውስጥ "0900" ያለበት ነው ነባሪው፣ ደህና ነው፣ ግን ማሪያዲቢ (የማይኤስኪውኤል ዘመድ የሆነ ዳታቤዝ) ወይም 5.7 ስሪት ወዳለው ሆስቲንግ ባክአፑን ስትወስዱት "ይሄን ኮሌሽን አላውቀውም" ሊላችሁ ይችላል። ሁለቱም ቦታ የሚሠራ ከፈለጋችሁ "ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ዩኒኮድ ሲአይ" የሚለውን ከመጀመሪያው ምረጡ።

ስለሌሎቹ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ደግሞ፣ ፖስትግሬስ የምትጠቀሙ ዳታቤዙን ስትፈጥሩት "ዩቲኤፍ8" መሆኑን ብቻ እዩ፣ እዛ ስሙና ነገሩ አንድ ነው፣ ከተፈጠረ በኋላ ግን ኢንኮዲንጉን መቀየር አይቻልም፣ አዲስ ከፍቶ ማዛወር ነው። ኤስኪውኤላይት ምንም ሳትነግሩት ዩኒኮድ ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ኮለሙን "ኤንቫርካር" አድርጉትና ጽሑፉን በቀጥታ ኪዩሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ትእዛዝ) ውስጥ ስትጽፉ ከጥቅሱ ፊት ትልቁን የላቲን "ኤን" ፊደል አትርሱ፣ ከረሳችሁ ኮለሙ ትክክል ሆኖም አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይገባል።

2. መንገዱን ሁሉ አንድ አድርጉ

ዳታቤዙ ትክክል ሆኖ ጽሑፉ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ኮኔክሽኑ ላይ ነው። ፕሮግራማችሁ ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ "እኔ የምልክልህ በዚህ ኢንኮዲንግ ነው" ብሎ ያስተዋውቃል፣ ላቲን1 ነኝ ብሎ ዩቲኤፍ-8 ከላከ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ቆጥሮ እንደገና ይተረጉመዋል፣ አንዱ ፊደል ሦስት ፊደል ሆኖ ይገባል ማለት ነው። ፒኤችፒ ላይ በፒዲኦ ከሆነ መገናኛው መስመር ላይ ካርሴቱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብላችሁ ጨምሩ፣ በማይኤስኪውኤልአይ ከሆነ "ሴት ካርሴት" የሚለውን ፈንክሽን ጥሩ። ፓይተንም ጃቫም ላይ መገናኛው ላይ የሚጻፍ ተመሳሳይ ነገር አለ።

ገጹም ራሱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ኤችቲኤምኤሉ አናት ላይ ይናገር፣ የኮዱ ፋይልም በዩቲኤፍ-8 ሴቭ ይደረግ። ኮድ ውስጥ ጽሑፍ የምታሳጥሩ ከሆነ ደግሞ በባይት የሚቆርጠውን ፈንክሽን እንዳትጠቀሙ፣ ፒኤችፒ ላይ "ሰብስትር" ሳይሆን "ኤምቢ ሰብስትር" ነው፣ አለበለዚያ ሦስት ባይት የሆነውን ፊደል መሀሉ ላይ ይቆርጠውና መጨረሻው ላይ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይመጣባችኋል። ያንን ካያችሁ ዳታቤዙን አትክሰሱ፣ የቆረጠው ኮዱ ነው።

3. በአንድ ቃል ፈትኑት

ማንም ሦስት ማታ ከመተየቡ በፊት አንድ ቃል አስገቡ። የኔ ቃል "ሐዋሳ" ነው፣ ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት። በራሱ በፎርሙ አስገቡት፣ በሌላ መንገድ አይደለም፣ ከዛ ዳታቤዙ ውስጥ ገብታችሁ በፊደል ቁጥር የሚለካውን "ካር ሌንግዝ" እና በባይት የሚለካውን "ሌንግዝ" ጠይቁት። 3 እና 9 ካለ ጤነኛ ነው። 3 እና 3 ካለ የጥያቄ ምልክት ሆኗል፣ ጠፍቷል። 9 እና 9 ካለ ላቲን1 ኮለም ውስጥ የዩቲኤፍ-8 ባይት ተቀምጧል። የፊደሉ ቁጥር 9 ሆኖ ባይቱ ከ9 በላይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ተደርጓል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይድናሉ።

በዓይን ስታዩትም የሚለይበት መንገድ አለ፣ ዋናው የኛ ፊደል ክልል በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ ሁሉም ፊደል በአንድ ዓይነት ባይት ነው የሚጀምረው፣ ያ ባይት በላቲን1 ሲነበብ ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን "ኤ" ናት። ስለዚህ ገጹ ላይ ያቺ ጭረት ያለባት ፊደል በየሦስቱ እየተደጋገመች ካያችኋት ያ አማርኛ ነው፣ አልጠፋም፣ ተስፋ አትቁረጡ።

ዊንዶውስ ላይ በጥቁሩ መስኮት አይታችሁ ሳጥን ሳጥን ቢሆንባችሁ አትደንግጡ፣ ያ መስኮት ፎንቱ ላይኖረው ይችላል። "ሄክስ" የሚለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ፣ ባይቱን እንዳለ ያሳያችኋል፣ የጥያቄ ምልክት ከሆነ 3ኤፍ 3ኤፍ እያለ ነው የሚመጣው፣ ዓይን ሊሳሳት ይችላል እሱ ግን አይሳሳትም።

4. ቋንቋ ረድፍ እንጂ ኮለም አይሁን

ይሄ ክፍል ላይ ጊዜ ስጡት፣ ኢንኮዲንግ አንዴ ከተስተካከለ ይረሳል፣ የቴብሉ አወቃቀር ግን ዕድሜ ልክ አብሯችሁ ነው የሚኖረው።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገው፣ እኔም ያደረግኩት፣ ምግቦች የሚል ቴብል ከፍቶ "ስም በአማርኛ"፣ "ስም በእንግሊዝኛ"፣ "ስም በሲዳሙ አፎ" እያለ ኮለም መደርደር ነው። ለሁለት ቋንቋ ደህና ይመስላል። እትዬ ግን በወሩ "ከሶዶ የሚመጡ ብዙ ናቸው፣ ወላይትኛም ጨምርልኝ" አሉ፣ ይሄ ማለት ስሙ ላይ አንድ ኮለም፣ ማብራሪያው ላይ አንድ ኮለም፣ የምግብ ዓይነቱ ላይ አንድ ኮለም፣ ከዛ ደግሞ ኮዱ ውስጥ ያለውን ኪዩሪ ሁሉ መንካት ነው። ከዛም በላይ ኮለም የሌለው ቋንቋ ፕሮግራመር ካልመጣ በስተቀር መግባት አይችልም። እኔ ይሄ ነው ያስጨነቀኝ፣ ማን በየትኛው ቋንቋ ያንብብ የሚለውን ቤቱን የሚያውቁት ሰዎች ይወስኑ እንጂ የኔ ቴብል መወሰን የለበትም።

ስለዚህ ሦስት ቴብል አድርጉት። "ምግቦች" የሚለው ውስጥ ቋንቋ የሌለው ነገር ብቻ ይቀመጥ፣ መለያ ቁጥር፣ ዋጋ፣ ፎቶ፣ ጾም ነው ወይስ የፍስክ፣ ዛሬ አለ ወይስ የለም። "ቋንቋዎች" የሚለው ውስጥ የቋንቋው ኮድ፣ ቋንቋው በራሱ ስሙ፣ እና ጽሑፍ ካልተገኘ ወደ የትኛው ቋንቋ ይኬድ የሚለው። "ትርጉሞች" የሚለው ውስጥ የምግቡ መለያ ቁጥር፣ የቋንቋው ኮድ፣ ስሙ፣ ማብራሪያው። ምግቡና ቋንቋው ሁለቱ አንድ ላይ ፕራይመሪ ኪ ይሁኑ፣ ለአንድ ምግብ በአንድ ቋንቋ ሁለት ጽሑፍ እንዳይገባ። ሁለቱም ፎሪን ኪ (ከሌላው ቴብል ጋር የሚያስር ማያያዣ) ይኑራቸው፣ ምግቡ ሲሰረዝ ትርጉሙ ሜዳ ላይ እንዳይቀር። ወላይትኛ ስትጨምሩ እንግዲህ "ቋንቋዎች" ውስጥ አንድ ረድፍ ነው የምትጨምሩት፣ ኮድ አይነካም፣ ምንም አይነካም።

የቋንቋ ኮዱ ላይ ልብ በሉ። ሁሉም ሰው ሁለት ፊደል ይበቃል ብሎ የሁለት ፊደል ኮለም ይከፍታል፣ አማርኛ "ኤኤም"፣ አፋን ኦሮሞ "ኦኤም"፣ ትግርኛ "ቲአይ"፣ ሶማሊኛ "ኤስኦ" ስለሆነ። ግን እዚህ ደቡብ ያሉት አብዛኞቹ ቋንቋዎች ሁለት ፊደል ኮድ የላቸውም፣ ሲዳሙ አፎ "ኤስአይዲ" ነው፣ ወላይትኛ "ደብሊውኤኤል"፣ ሀዲይኛ "ኤችዲዋይ"፣ ጌዴኦኛ "ዲአርኤስ"። ሲዳሙ አፎን ሁለት ፊደል ኮለም ውስጥ ብታስገቡት አሮጌ ሰርቨር ዝም ብሎ ይቆርጠውና "ኤስአይ" ይሆናል፣ "ኤስአይ" ደግሞ የስሪላንካ ሲንሃላ ቋንቋ ኮድ ነው! ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆና የከተማዋ ቋንቋ ሲንሃላ ተብሎ ሲመዘገብ ዝም ማለት አይቻልም። ኮለሙን 12 ፊደል አድርጉት፣ ቦታ አይጎዳም፣ ነገ ደግሞ አንድ ቋንቋ በሁለት ዓይነት ፊደል፣ በኛም በላቲንም፣ የሚጻፍ ከሆነ ኮዱ ላይ የፊደሉን ዓይነት ለመጨመር ይበቃል።

ጽሑፍ ሲጎድልስ? አንዱ ምግብ በሲዳሙ አፎ ገና ካልተተረጎመ ባዶ ቦታ ማሳየት ነውር ነው። "ምግቦች"ን ከ"ትርጉሞች" ጋር ሁለት ጊዜ በሌፍት ጆይን (ትርጉም የሌለውን ምግብ የማይጥል ማገናኛ) አገናኙት፣ አንዴ በአንባቢው ቋንቋ፣ አንዴ በተጠባባቂው ቋንቋ፣ ከዛ "ኮአለስ" በሚባለው ፈንክሽን መጀመሪያ የተገኘውን ውሰዱ። አንድ ነገር ግን አለ፣ ኮአለስ "ነል" (ምንም ያልገባበት) የሆነውን ነው የሚዘለው፣ ባዶ ጽሑፍ ለሱ ጽሑፍ ነው፣ ፎርሙ ያልተሞላ ሳጥን እንደ ባዶ ጽሑፍ ካስገባ እንግዳው ስም የሌለው ምግብ ያያል። ስለዚህ ያልተሞላ ነገር ረድፍ አይፈጠርለት፣ በቃ።

ሌላ አማራጭ አለ፣ ትርጉሙን ሁሉ አንድ የጄሰን (ብዙ ነገር በአንድ ጽሑፍ የሚይዝ ዓይነት) ኮለም ውስጥ መክተት። ለትንሽ ነገር፣ ገጹ ላይ ለሚጫን ቁልፍ (በተን) ጽሑፍ ምናምን ይመቻል፣ እኔ ግን ሰው ለሚፈልገው ጽሑፍ አልመርጠውም፣ በየትኛው ቋንቋ ስንት ምግብ ይቀራል ብላችሁ ለመቁጠር እንኳ ያደክማል። በረድፍ ከሆነ አንድ መስመር ኪዩሪ ነው፣ እትዬ ራሳቸው በየሳምንቱ "በሲዳሙ አፎ ስንት ቀረን?" ይሉኛል፣ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ፣ ልጅቷን ይጠሯታል።

ኮለሙን ስትለኩ ቫርካር (የጽሑፍ ኮለም ዓይነት ነው) 100 ማለት 100 ፊደል ነው፣ 100 ባይት አይደለም፣ ስለዚህ ለአማርኛ ሦስት እጥፍ ማድረግ አያስፈልግም። "ቴክስት" የሚባለው ዓይነት ግን በባይት ነው የሚለካው፣ 65,535 ባይት፣ ለኛ ፊደል ሲካፈል 21,845 ፊደል። አማርኛ ቦታ ይፈጃል የሚባለውም እንደሚወራው አይደለም፣ "ዓሣ" ስድስት ባይት ነው፣ በአፋን ኦሮሞ "ቁርጡሚ" በላቲን ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ስለሆነ ዘጠኝ ባይት ነው።

5. ፍለጋው፣ ሀ እና ሐ፣ እና ያቺ ጭረት

የከተማችንን ስም ሰው እንዴት ነው የሚጽፈው? ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ። ለዳታቤዙ አራቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ ኮሌሽኑ ሀ እና ሐን አንድ አያደርግላችሁም። ዝርዝር ስታወጡ "ሀዋሳ" ከለኩ በፊት ይመጣል፣ "ሐዋሳ" ከለኩ በኋላ፣ "አዋሳ" ደግሞ ወደታች ወርዶ አ ጋ፣ ምክንያቱም አደራደሩ በፊደል ገበታው ነው።

መፍትሔው "ትርጉሞች" ላይ አንድ የመፈለጊያ ኮለም መጨመር ነው። ጽሑፉ ሲገባ ኮዱ ቅጂውን ወስዶ ሐ እና ኀን ከነዘራቸው ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይርና፣ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ያደርግና እዛ ኮለም ውስጥ ያስቀምጣል፣ እንግዳው የሚፈልገውንም ቃል በዛው ወንፊት አሳልፋችሁ ነው የምታወዳድሩት። ዋናውን ጽሑፍ ግን በፍጹም አትንኩት፣ ልጅቷ "ዓሣ" ብላ ከጻፈች "ዓሣ" ብሎ ይታይ። በግእዝ ሠረቀ እና ሰረቀ አንዱ ወጣ አንዱ ደግሞ ሌብነት ነው፣ የጻፈው ሰው እያወቀ የመረጠውን ማሽን ሊያስተካክለው አይገባም።

ይሄ ወንፊት ለአማርኛ ረድፍ ብቻ ነው። ትግርኛ ላይ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ የተለያየ ድምፅ ናቸው፣ ብታዋህዷቸው ቃል ከቃል ይጋጭባችኋል። የቋንቋ ኮዱ በየረድፉ መኖሩ እዚህ ነው የሚጠቅመው፣ ኮዱን አይቶ የራሱን ሕግ ይጠቀማል።

ሲዳሙ አፎና አፋን ኦሮሞ ላይ ደግሞ ያቺ ቃል መሀል የምትገባው ጭረት (አፖስትሮፍ) አለች፣ በኦሮምኛ ሁድሃ የሚሏት። ለፍየል "ረኤ" ብለው ሲጽፉ መሀሉ ላይ አለች። ችግሩ ይቺ ምልክት ዩኒኮድ ውስጥ ቢያንስ ሦስት መልክ አላት፣ ቀጥ ያለችው የኪቦርዱ፣ ጎበጥ ያለችው ስልክ በራሱ የሚቀይራት፣ እና እንደ ፊደል የምትቆጠረው። ለዓይን አንድ ናቸው ለዳታቤዙ ግን ሦስት ናቸው፣ እትዬ በኮምፒውተር ያስገቡትን እንግዳው በስልኩ ሲፈልገው የለም ይለዋል። ዋናው ኮለም ውስጥ አንዷን መርጣችሁ ሁሌ ወደሷ ቀይሩ፣ መፈለጊያው ኮለም ውስጥ ደግሞ ሦስቱንም አውጧቸው፣ ጭረቷን ሳይጽፍ የሚፈልግም ስላለ። ቀጥ ያለችው ደግሞ ኪዩሪ ውስጥ ጥቅስ መዝጊያ ስለሆነች ጽሑፍ ከኪዩሪ ጋር እየቀጠላችሁ የምትሠሩ ከሆነ የፍየል ሥጋ የሚል ምግብ ሲገባ ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ ክፉ ሰው ከመጣ ደግሞ በዛው ቀዳዳ ይገባል። ፕሪፔርድ ስቴትመንት (ጽሑፉ ከትእዛዙ ተለይቶ የሚላክበት መንገድ) ተጠቀሙ፣ ይሄ ልመና ነው።

ፉል ቴክስት ኢንዴክስ (ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልግ ማውጫ) የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ሞተር) በነባሪው ከሦስት ፊደል በታች የሆነ ቃል ኢንዴክስ ውስጥ አያስገባም። ለእንግሊዝኛ ልክ ነው። ለኛ ግን ዓሣ፣ ቡና፣ ሻይ፣ ውሃ፣ ዶሮ፣ ጠጅ ሁሉም ሁለት ፊደል ናቸው፣ የሐዋሳ ሜኑ ውስጥ ዓሣ ተፈልጎ ሊጠፋ ነው ማለት ነው። የቃሉን ዝቅተኛ ርዝመት ወደ 2 ዝቅ አድርጉ፣ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ኢንዴክሱንም እንደ አዲስ ሥሩት። እንደዛም ሆኖ "የዓሣ" እና "ከዓሣ" ለሱ ሌላ ቃል ናቸው። ጥቂት መቶ ረድፍ ብቻ ካላችሁ ኢንዴክሱን ተዉትና መፈለጊያው ኮለም ላይ በ"ላይክ" ከፊትም ከኋላም ፐርሰንት አድርጋችሁ ፈልጉ፣ እኔ እንደዛ ነው የተውኩት፣ ይፈጥናል።

6. ከኤክሴልና ከቴሌግራም የሚመጣ ጽሑፍ

ኤክሴል ላይ የተተየበውን ስታወጡ "ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8" የሚለውን ምረጡ፣ ተራው ሲኤስቪ ፊደላችንን ይበላዋል። መልሳችሁ ስትከፍቱትም ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ ሳይሆን ዳታ ከሚለው ውስጥ አስገቡትና የፋይሉን ምንጭ 65001 በሉት፣ ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው። ኤክሴል ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የማይታይ ሦስት ባይት ይጨምራል፣ የመጀመሪያው ኮለም ስም ላይ ተለጥፎ "እንዲህ ያለ ኮለም የለም" ያስብላል፣ አንሱት።

በቴሌግራም የሚላክ ጽሑፍ ውስጥ የማይታይ ክፍተት ሊኖር ይችላል፣ ሲገባ ጫፍና ጫፉን አጽዱ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየበ የቆየ ወርድ ፋይል ከመጣላችሁ ደግሞ ፎንቱን ስትቀይሩት ላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል፣ ያ አማርኛ የሚመስለው በፎንቱ ብቻ ነው፣ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ ዳታቤዝ ውስጥ አታስገቡት።

7. ባክአፕ፣ እና የተበላሸውን ማዳን

ባክአፕ በ"ማይኤስኪውኤል ደምፕ" ስታወጡ ካራክተር ሴቱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብላችሁ ንገሩት። ዊንዶውስ ፓወርሼል ላይ ከሆናችሁ በቀስት ወደ ፋይል አትላኩት፣ ፓወርሼል ወደ ዩቲኤፍ-16 ሊቀይረው ይችላልና መልሶ አይገባላችሁም፣ "ሪዛልት ፋይል" የሚለውን አማራጭ ተጠቀሙ።

ለማዳን ከመሞከራችሁ በፊት ባክአፕ አውጡ፣ ቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ። በፈተናው 9 እና 9 ያለው፣ ላቲን1 ኮለም ውስጥ ዩቲኤፍ-8 ያለበት ከሆነ፣ ኮለሙን መጀመሪያ ወደ "ብሎብ" ቀይሩት፣ ከዛ ብሎቡን ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቴክስት። በብሎብ የምናልፈው ሰርቨሩ ባይቱን እንዳይተረጉመው ነው፣ በቀጥታ "ኮንቨርት" ካላችሁት ስህተቱን ያባዛዋል። ሁለት ጊዜ ኢንኮድ የተደረገው ደግሞ ወደ ላቲን1 ይቀየራል፣ ከዛ ባይነሪ ይደረጋል፣ ከዛ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ተብሎ ይነበባል፣ ሦስቱም በአንድ አፕዴት ይሠራል፣ ግን የተበላሹትን ረድፎች ብቻ ለይታችሁ፣ ጤነኛው ላይ ብታስኬዱት ጤነኛውን ያጠፋል። የጥያቄ ምልክት የሆነውን የተየበው ሰው እጅ ብቻ ነው የሚመልሰው።

ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት፣ "ሐዋሳ"ን ፈልጉ፣ 3 እና 9 ማለቱን እዩ፣ ከዛ የሲዳሙ አፎውን አንድ ረድፍ ቋንቋውን ለሚናገር ሰው አሳዩና ጭረቶቹ በቦታቸው መሆናቸውን ይንገራችሁ። እኛ ጋ ያንን የምታየው ልጅቷ ናት፣ እሷ እሺ ካላለች ሜኑው አይከፈትም።